የፒያሳው ጋሼ አሁን ሜክሲኮ ናቸው፦ ምስጋናና ጥቆማ ለሞዴል ሄሊኮፕተር ወዳጆች

ሰላም ለሁላችሁ። በሪሞት የሚበር ሞዴል ሄሊኮፕተር ያላችሁ፣ ወይም ልጃችሁን አልያም ወንድማችሁን ይህ ፍቅር የያዘባችሁ ሁሉ አንብቡልኝ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሱቃቸው አብሮ የተነሣባቸው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አሉ። ሥራውን በሬዲዮና በቴፕ የጀመሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ የምንላቸው ሰው ናቸው። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ፤ ከድሮ ደንበኞቻቸው ግን ብዙዎቹ የት እንደገቡ አያውቁም። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም። የሠሩልኝን ሥራ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሄሊኮፕተሬ 450 በሚባለው መጠን ያለች፣ ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የምትወስድ ናት። ቀስ ብላ ስትበር ምንም አይላትም ነበር። በድንገት ወደ ላይ ስጎትታት ግን ጅራቷ ይከዳል፤ አፍንጫዋ ወደ ጎን ይወረወርና እንደገና ይያዛል። ያሳየኋቸው ባለሙያዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ጂሮው ሞቷል፣ አዲስ አስመጪ።» ጂሮ ማለት የሄሊኮፕተሩን መዞር እየለካ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ የሚያስይዝ ትንሽ መሣሪያ ነው።

ጋሼ ጂሮውን አልነኩትም። መጀመሪያ ሞተሩን ከመስመር አወጡት፤ ክንፉ እንዳይዞር መሆኑ ነው። ከዚያ የቮልትን መውጣትና መውረድ በቅጽበት በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፓቸውን፣ የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ላይ ሰክተው «በይ ልጄ፣ ሪሞቱን ያዢና ሁሉንም አንድ ላይ አንቀሳቅሺ» አሉኝ። ሰርቮ የሚባሉት ትዕዛዝ ተቀብለው ክንፍና ጅራት የሚያዘነብሉ ትናንሽ ሞተሮች ናቸው፤ ከላይ ያሉት ሦስቱ ሰርቮዎችና የጅራቱ ሰርቮ አንድ ላይ ሲጎትቱ፣ 5 ቮልት መሆን የነበረበት ኃይል ወደ 4 ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ቴስተር ይህን አያሳይም፤ መውረዱ ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ሳይቀየር ያልፋል። ኃይሉ ሲወርድ የጅራቱ ሰርቮ ይዝላል፣ ጂሮውም የሚያዘውን ማስፈጸም ያቅተዋል። ከዚያም በታች ቢወርድ ጂሮው ራሱ ጠፍቶ ይነሣል። ጂሮ ደግሞ ሲነሣ ዜሮውን የሚያገኘው ሄሊኮፕተሩ ጥቂት ሰከንድ ሳይነቃነቅ ሲቆም ነው፤ አየር ላይ ይህ ከሆነ መውደቅ ነው። ጥፋቱ የተገኘው ከባትሪው ቮልት ቀንሶ ለሪሲቨሩ በሚሰጠው ቢኢሲ ሽቦ ላይ ነበር፤ ብየዳው ከላይ ሲያዩት የተያያዘ የሚመስል፣ ውስጡ ግን የተሰነጠቀ።

ብየዳውን አድሰው፣ ሽቦውን ወፈር ባለ ቀይረው እንደገና ለኩት። ቮልቱ ንቅንቅ አላለም። ይህን ሁሉ ሠርተው የተቀበሉኝ ሌላው ቦታ ለአዲስ ጂሮ ከተጠየቅኩት ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

ጂሮው ከተለጠፈበት ላይ የደረቀውን ባለሁለት ገጽ ስፖንጅ ፕላስተርም አንስተው፣ በአልኮል ጠርገው በአዲስ ለጠፉልኝ። የአሁኑ ጂሮ ውስጡ የሚንቀጠቀጥ ረቂቅ የሲሊከን ቺፕ ነው፤ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ከደረሰበት የሰውነቱን መዞር ከንዝረቱ መለየት ይቸግረዋል። ቀጥሎ የጅራቱን ሰርቮ ዓይነት ከዝርዝሩ ጋር አመሳከሩ። የጅራት ሰርቮዎች ከጂሮው በሚጠብቁት የምልክት ርዝመት፣ በመሃል ነጥባቸው በ1520 ማይክሮሰከንድ የሚሠሩና በ760 የሚሠሩ ተብለው ይለያሉ፤ ጂሮው ላይ የተሳሳተው ከተመረጠ ሰርቮው ዳር ሄዶ ይጣበቅና ሊቃጠል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ዕቃዬን አንስቼ እንድሄድ አልፈቀዱልኝም። ጅራቱን በእጄ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እንዳዞር አድርገው፣ ሰርቮው የትኛውን አቅጣጫ እንደሚመልስ ራሴ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የጂሮው እርማት ከተገለበጠ ሄሊኮፕተሩ መሬት ሲለቅ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፣ ማንም አያድነውም። ይህን ፍተሻ ሳያደርግ ከእሳቸው ክፍል የወጣ ደንበኛ አላየሁም።

አሁን ወደ ባትሪው ልምጣ፤ ጋሼን ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ባትሪዬ አብጦ ነበር። «እናስተነፍስልሽ»፣ «ሴሉን እንቀይርልሽ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጋሼ ገና ሲያዩት «ይሄን አልነካም፣ አንቺም ቤትሽ አታስገቢው» አሉ። ያበጠ ሊፖ ውስጡ ጋዝ አለ፤ ከተበሳ ወይም ቻርጅ ከተደረገ እሳት ነው። ግቢ ውስጥ አሸዋ ባለበት የብረት ሳጥን ላይ አስቀምጠው፣ በመኪና የፍሬቻ አምፖል ቀስ እያሉ ባዶ አደረጉት። ለዚህ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉ፣ ለቆራሌውም አትስጡ። ማዳበሪያው ውስጥ ከብረታ ብረት ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው ትከሻው ላይ የተሸከመው ልጅ ነው።

የቀሩትን ባትሪዎች ሴል በሴል የውስጥ ተቃውሞአቸውን ለክተው፣ የሚሊኦሙን ቁጥር በማርከር ጀርባቸው ላይ ጻፉልኝ። ከጎረቤቶቹ ብዙ ከፍ ያለ ሴል ካለ ባትሪው በዚያ ሴል በኩል እያለቀ ነው። አንዱ እንዲያ ሆኖ ተገኘ፤ «ለመብረር አይሆንም፣ ጠረጴዛ ላይ ለመሞከሪያ ተጠቀሚበት» አሉኝ። በእጃቸው የሚሸጥ አዲስ ባትሪ ነበራቸው፤ የቀሩት ደህና ስለሆኑ እንዳልገዛ የመከሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ስለ ቻርጀር ያስረዱኝን እዚህ ላስቀምጠው፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው። ሊፖ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ባለ 3 ሴሉ 12.6 ማለት ነው። 2200ውን በ2.2 አምፒር ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን አያስጨንቀውም። ሴሎቹ እኩል እንዲሞሉ የምታደርገውን ቀጭኗን የባላንስ ሽቦ ሁልጊዜ መሰካት፣ ቻርጀሩም ሊፖ ላይና በትክክለኛው የሴል ቁጥር መሆኑን ሁለቴ ማየት ያስፈልጋል። ለሌላ ዓይነት ባትሪ በተሠራው የኒኬል ምርጫ ላይ ከተረሳ ቻርጀሩ የሚጠብቀው የማቆሚያ ምልክት ከሊፖ አይመጣምና መሙላቱን አያቆምም። ሳይበር የሚቀመጥ ከሆነ ሙሉ መተው የለበትም፤ አንዱን ሴል 3.8 ግድም አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ። ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ፣ ጋሼ ቻርጀሬን ከሌላው ዕቃ ጋር ከምሰካበት ዲቫይደር አውጥተው ለብቻው ስታቢላይዘር ላይ እንዳደርገው ነገሩኝ። ቻርጅ እየተደረገ ቤት ጥሎ መውጣትን ደግሞ ጨርሶ ከለከሉኝ።

ሌላም አለ። ከባትሪው ጋር የሚመጣው መመሪያ የሚናገረው የበረራ ደቂቃ እዚህ አይሠራም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ወይ መፍጠን ወይ ይበልጥ ማዘንበል አለበት፤ ሞተሩ ብዙ ይስባል፣ ባትሪውም ቶሎ ይግላል። ጋሼ የሰጡኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ ከበረራ በኋላ ቻርጀሩ መልሶ ያስገባውን ሚሊአምፒር-ሰዓት ማየት። ከባትሪው አቅም 80 በመቶ፣ ማለትም ለ2200ው 1760 ካለፈ የሪሞቱን የበረራ ሰዓት ቆጣሪ ማሳጠር። ባትሪዎቼ ከበረራ ሲወርዱ እንደ በፊቱ እጅ አያቃጥሉም፤ ይህ የእሳቸው ሥራ ነው።

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ባትሪ እንድታመጣልኝ ስፈልግም የረዱኝ እሳቸው ናቸው። 11.1 ቮልት በ2.2 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 24.4 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚቀበሉት 100 ዋት-ሰዓት በብዙ ያንሳል። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ጫፎቹ በፕላስተር እንዲሸፈኑና ባትሪው በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ሻንጣ እንዲያዝ አስጠነቀቁ። ሳይነግሯት ብትመጣ ኖሮ የሚጫነው ውስጥ ልትከት ነበር።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሪሞቱን ሳትይዙ አትሂዱ፣ ያለ እሱ ጂሮ አይስተካከልም። ባትሪውን ሙሉም ባዶም ሳታደርጉ፣ ጫፉን ሸፍናችሁ ያዙ። ቻርጀሩን ከነማስተላለፊያው ጨምሩበት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው የሚገኘው። ጋሼ ሥራ ሲጀምሩ ስለማያቋርጡ ጠዋት መድረስ ይሻላል። ስለ መብረር ፈቃድ ግን እሳቸውን አትጠይቁ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሌላ ነው፤ ፈቃድ ሳትይዙም አታስነሡ። ክፍሏን በምልክት ማግኘት ስለሚያስቸግር በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ በሩ ድረስ አስረዳችኋለሁ።