ለተፈጥሮ ፎቶ አስተማሪዬ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

የማመሰግናቸው ሰው መወደስ አይወዱም። ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል፤ እሺ ብያለሁ። ስለ ሥራቸው ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። የዱር እንስሳትና የመልክዓ ምድር ፎቶ ማንሳት ያስተምራሉ፤ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከተማሪው ጋር አብረው ወጥተው። ካሜራ ያላችሁና ጭንቅላታችሁ እረፍት ያጣ ሰዎች፣ እኚህን ሰው ወይም እንደሳቸው የሚሠራ ሰው ፈልጉ።

እኔ የሄድኩት ለፎቶው ብቻ አልነበረም። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ይሄን ስነግራቸው አላጋነኑም፣ አላቃለሉም። «እኔ ሐኪም አይደለሁም ልጄ። ሕክምና የጀመርሽ ከሆነ እንዳታቋርጪ። እኔ የማውቀው ቁጭ ብሎ ማየት ነው» አሉኝ። በዚህች ንግግር ነው ያመንኳቸው። ተፈጥሮ ሁሉን ይፈውሳል ቢሉኝ ኖሮ በዚያው ጠፍቼ እቀር ነበር።

በእርግጥ ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ታካሚዎች መዝገብ አገላብጦ ነው የሠራው። በመስኮት ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ጠንከር ያለ ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነው። የ46 ሰው መዝገብ ነውና ትንሽ ጥናት ነው፤ ብዙ አንጫንበት። ለኔ ግን መስኮት ይሄን ካደረገ ውሃ ዳር በደረት መተኛትስ ብዬ እንድጓጓ በቂ ነበር።

የጋሼ ትምህርት የሚጀምረው ካሜራውን ከቦርሳ ሳያወጡ ነው። መጀመሪያ ቁጭ በሉ ይላሉ። ወፍን ፊት ለፊት አትሂዱባት፤ ሰያፍ ሰያፉን፣ ቆም እያላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ። ድኩላ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ከሱ ወደናንተ ይንፈስ፤ አለዚያ ጠረናችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። እንስሳው መብላቱን ካቆመ፣ አንገቱን ካሰገገ፣ ጆሮውን ወደናንተ ካቀና ድንበር አልፋችኋል ማለት ነው። ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ድርድር የለም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። እኔን ያሳረፈኝም ይሄ መጠበቅ ይመስለኛል። ባዶ መጠበቅ አይደለም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ነፋሱ እንዳልዞረ፣ ወፏ ቀጥሎ ወዴት እንደምትዞር ስትከታተሉ የቢሮ ጣጣ የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል። ጭንቀትን ለመርሳት መታገል አያስፈልግም። ሥራ ይበዛበታል አእምሮ።

አንዷን ልንገራችሁ። ረጅም እግር ያላት ነጭ ወፍ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆማለች። አንድ እግሯን ጭቃው ውስጥ ታርገበግባለች። ለካ ከሥር የተደበቀውን ዓሣ እያስደነገጠች ነው! ብልጭ ሲል ለቀም። ጋሼ ከጎኔ ተኝተው፣ «ነጭ ናት፣ ውሃው ጥቁር ነው። ካሜራው ይሸወድና ብርሃን አብዝቶ ላባዋን ያቃጥልብሻል። ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ አውርጂ፣ ሻተሩን 1/2000 አድርጊው፣ ፎከሱ ዓይኗ ላይ» ይሉኛል በሹክሹክታ። ብርሃኑን በግማሽ ቀንሺ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት የሰከንድ 1/2000ኛ አድርጊው ማለታቸው ነው። ፎቶው ላይ ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከመንቆሯ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወፏ ደግሞ ከዚያም በኋላ አደኗን አላቋረጠችም። ጋሼ ያመሰገኑኝ ለዚህኛው ነው፣ ለፎቶው አይደለም።

የመልክዓ ምድሩ ትምህርት አጭር ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ)፣ ኤፍ 11 (ጠበብ ያለ የሌንስ ቀዳዳ)፣ የሁለት ሰከንድ ታይመር (ስትጫኑት ካሜራው እንዳይነቃነቅ)፣ ትዕግሥት። ፀሐይ እንደገባች ሰው ዕቃውን ይሸክፋል፤ እሳቸው ያኔ ገና መቆሚያቸውን ያስተካክላሉ። ብዙ ጊዜ ደህናው ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነዋ።

ከሳቸው በፊት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ወጥቼ አውቃለሁ። ወፎቹ እንዲበሩልን ብሎ ድንጋይ ወረወረ። ሁላችንም የመብረር ፎቶ አገኘን። እኔ ግን ከመሄዴ የባሰ ተረብሼ ነው የተመለስኩት፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ጋሼን ካገኘሁ በኋላ ነው። እሳቸው ጎጆ አጠገብ ካሜራ አያስወጡም። እናቲቱ ሸሽታ ከቆየች እንቁላሉ ይበርዳል፣ ጫጩቶቹም ለአዳኝ ይጋለጣሉ። ብርቅ እንስሳ ያነሳ ተማሪም ፎቶውን ለሰው ከማጋራቱ በፊት የቦታ መረጃውን እንዲያጠፋ ያደርጋሉ፤ አዳኞችም ፎቶ ያያሉና።

ለሁሉም ሰው ይሆናሉ አልልም። ከንጋት በፊት ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ያረፈደን ጥለው ይሄዳሉ። ከኮምፒውተር ጋር ብዙም አይዋደዱም፤ ኤዲቲንግ መማር የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ። «የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» ስትሏቸው ያላችሁን አውጡ ይላሉ፣ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ወጥቶ አንድም ፎቶ ሳያነሱ መመለስ የሚያናድደው ሰውም ከሳቸው ጋር አይዘልቅም።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት አይቆጡኝ። ያደረጉልኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠይቄያቸው እሺ ካሉ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዙ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ስትሄዱ የካሜራችሁን ድምፅ አጥፉት፤ ደማቅ ጃኬታችሁንም ቤት ተዉት፣ ካዩባችሁ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ነው የሚያስወልቋችሁ።