ከባዱ የብረት መጥበሻ በደሴ ማዕድ ቤት፦ ለስቴክና ለጦስኝ ቅቤ

ባለ 26 ሴንቲሜትሩ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት) መጥበሻ ባዶውን ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በአንድ እጅ ጥብስ መገልበጥ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሸክም ነው፤ ዋጋውም ከቴፍሎኑ በብዙ ይበልጣል። ስቴክ እቤት በወጉ ይጠበስ ከተባለ ግን ገንዘቡ የሚወጣው ለዚያው ክብደት ነው። ስስ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲያርፍ ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ሥጋው ውሃ ይተፋል፣ በገዛ ውሃው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ወፍራሙ ብረት ያጠራቀመውን ሙቀት ስለሚሰጠው ላዩ ከ140 ዲግሪ በላይ ይቆያል፤ ቡናማው ቅርፊትና የጥብስ ሽታው የሚመጡት እዚያ ላይ ነው። መብራቱ ደከም ብሎ የምድጃው ክር ሲደበዝዝ እንኳ፣ አንዴ በደንብ የጋለ ካስት አይረን አንድ ስቴክ ጠብሶ ይጨርሳል። ይህ ብቻውን ለእኛ ከተማ ያስመርጠዋል።

ሲገዙ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠው ይንኩት፤ ከተወዛወዘ መቀመጫው ቀጥ አላለም ማለት ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይም እኩል አይግልም። በጣት አንጓ መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል መጮህ አለበት። ድፍን ድምፅ ካወጣ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ይተዉት።

እንደ እንጀራ ምጣድ ሁሉ ይህም ሳይሟሽ ሥራ አይጀምርም። ታጥቦ እሳት ላይ ከደረቀ በኋላ ውስጡም ውጪውም በኑግ ዘይት ይታሻል፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ዘይቱ የሌለ እስኪመስል ድረስ ይጠረጋል። ጭሱ እስኪያልቅ ድረስ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይህ ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘይቱን በማብዛት ነው። የበዛ ዘይት ጠንካራ ጥቁር ሽፋን አይሆንም፤ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ከሆነበት በሽቦ ፈትገው እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለውም።

መጥበሻው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሥጋው ካልተመረጠ ዋጋ የለውም። በባቲ ሰኞ ገበያ በኩል የሚያልፈው የግጦሽ ከብት በሥጋው መሃል ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እሳት ሲበዛበት ቶሎ ይደርቃል። ሽንጡን ይጠይቁ፤ ለጥብስ እንዳይከትፉት፣ እንዳለ ሁለት ጣት ውፍረት፣ ማለትም ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ አድርገው ጭረቱን አቋርጠው እንዲቆርጡት ይንገሯቸው። ከዚህ የሳሳ ከሆነ ቅርፊቱ ሳይመጣ ውስጡ ያልቃል። የቄራ ማኅተም ያለበት መሆኑን ማየትም አይዘንጋ።

ለጥሬ የሚመረጠው ሥጋ ለስቴክ አይመቸውም። የታረደበት ሰዓት ሳይርቅ ሥጋ ልስልስ ነው፤ ከዚያ ጡንቻው ይደርቅና በማግስቱ ከምንጊዜውም ይልቅ ጠንካራ ይሆናል፤ መልሶ የሚለሰልሰው ብርድ ውስጥ ቀናት ሲቆይ ነው። ከዜሮ እስከ አራት ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆይ፤ በመጨረሻው ቀን ሳይሸፈን ሽቦ ላይ ቢያድር ላዩ ይደርቅለታል። የኮሶ ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ በሚያወርድ ፍሪዘር አንድ ሳምንት የከረመ ሥጋ ከዚያ ስጋት ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ሲወጣ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ቀስ ብሎ ይሟሟ፤ ውጪ ካሟሙት ውሃውን ሁሉ ያፈሳል።

አሁን ወደ ቅቤው። የፈረንጆቹ አሠራር ያልተነጠረ ቅቤ ከቅጠል ጋር ማሸት ነው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ግን ውሃና የአሬራ ትርፍ አለ፤ ያ ትርፍ በጋለ ብረት ላይ ቶሎ ያርራል፣ ሥጋውን በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላዋል፣ ያመርረዋልም። ወተቱ ካልፈላ ደግሞ ጥሬ ቅቤ ሥጋ ላይ ጣል ማድረግ ለጤናም አይመከርም። እናቶቻችን ለወጥ የሚያነጥሩት ቅቤ ይህን ችግር ከሥሩ ፈትቶታል፤ ንጥር ቅቤ 250 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይጨስም።

250 ግራም ለጋ ቅቤ በትንሽ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይነጠር። አንድ ቁንጥር ኮሰረት ከገባበት ይበቃል፤ አብሽና እርድ ግን ለዚህ ሥራ አይግቡ፣ የሥጋውን ሽታ ይሸፍኑታል። አረፋው ሰክኖ ታቹ ሲታይ በጨርቅ ይጠለል። ቅጠሉ የሚገባበት ጊዜ ዋናው ነገር ነው፦ ቅቤው ገና ትኩስ ሳለ ከገባ ጦስኙ ታች ይዘቅጣል፣ መዓዛውም ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ቅቤው ቀዝቅዞ ደብዘዝ ሲልና እንደ ረጋ ማር ማንኪያውን ሲይዘው፣ ያኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርጥብ የጦስኝ ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቅቆ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተፍቆ፣ የግማሽ ሎሚ ልጣጭና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባለቁበት። ለሻይ የሚሸጠው ደረቅ ጦስኝ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። የእኛ ደጋ ጦስኝ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ አብዝቶ መጨመር ምሬት ያመጣል። በላስቲክ ጠቅልለው እንደ ሻማ ያድቦልቡሉትና ፍሪጅ ያስገቡት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ውጪ ማደር የለበትም፤ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ወር ያህል ይቆያል።

ለ400 ግራም ሥጋ አራት ግራም ያህል የአፍዴራ ጨው ይበቃል። ጨው ወይ ቢያንስ ከ45 ደቂቃ በፊት፣ ወይ ልክ ምድጃ ላይ ሊወጣ ሲል ነው የሚነሰነሰው። በመሃል ያለው ጊዜ መጥፎ ነው፤ ጨው ያወጣው ውሃ መልሶ አልገባም፣ ላዩም እርጥብ ነው። በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ይጠረግ።

መጥበሻው በኤሌክትሪክ ምድጃ አምስት ስድስት ደቂቃ ይጋል። ጠብታ ውሃ ሲወርድበት ጠፍጠፍ ብሎ ከተኛ ገና ነው፤ እየተንከባለለ ከዘለለ ደርሷል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ሥጋው። አንድ መጥበሻ ላይ አንድ ስቴክ ብቻ፣ ግፋ ቢል ሁለት፤ ከተጨናነቀ ያ የፈራነው መቀቀል ይመጣል። በየደቂቃው እየተገለበጠ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ይጠበስ፤ አንዴ ብቻ ይገልበጥ የሚለው ልማድ ውስጡን እኩል አያበስልም። የስብ ጠርዙም በመቆንጠጫ ቀጥ ተደርጎ ለአንድ ደቂቃ ብረቱን ይንካ።

ቅቤው የሚገባው እሳቱ ከወረደ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ሲገባ በነጭ ሽንኩርቱ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ይነሳል፣ የጦስኙ ቅጠል ጠስ ጠስ ይላል፣ ሽታው ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርቱ በአሥር ሰከንድ ከጠቆረ ብረቱ አልበረደም፤ አንስተው ለጥቂት ጊዜ ያቆዩት። ቅቤው ድምፅ ሳያሰማ ዝም ብሎ ከቀለጠ ደግሞ በርዷል፣ ሥጋው ቅባት ብቻ ይጠጣል። መጥበሻውን ዘንበል አድርጎ በማንኪያ እየቀዱ ላዩ ላይ ለአንድ ደቂቃ ማፍሰስ ነው። የመጥበሻው ትልቁ ጉድለት የሚታየው እዚህ ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል በአንድ እጅ ዘንበል አድርጎ መያዝ ከባድ ነው፣ እጀታውም ያቃጥላል። ወፍራም ጨርቅ ይዘጋጅ፤ የምድጃው ጠርዝም ክብደቱን ይሸከምልዎ።

ቴርሞሜትር ካለ መሃሉ 60 ሲያሳይ ይውጣ፤ ሽቦ ላይ አምስት ደቂቃ ሲያርፍ 63 መድረሱ ይታይ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ የበሰለና ጤናማ የሚባለው መጠን ይህ ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የሚፈትን ሰው 100 እንዳይጠብቅ፦ ደሴ ላይ ውሃ 92 አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ ይፈላል። ይህን ሳያውቁ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብለው የሚጥሉ አሉ። ከዚያ አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የቅቤ ቁራጭ ሥጋው ላይ ይቀመጥና ይቅለጥበት።

በከሰልም ይሠራል። ላቀች ምድጃ ላይ ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ከተጠበቀ ሙቀቱ ከኤሌክትሪኩ ይበልጣል። እሳት ማውረድ ስለማይቻል ግን ቅቤ የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ መጥበሻውን ከምድጃው ማውረድ ግድ ነው። ውጪ ወይም በር መስኮት ተከፍቶ ብቻ፤ የከሰል ጭስ ይገድላል።

ከምግቡ በኋላ ገና ሞቅ እንዳለ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ፣ እሳት ላይ ይድረቅ፣ በጠብታ ዘይት ይታሽ። ውሃ ውስጥ ካደረ ይዝጋል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ስልስ ብዙ ጊዜ ከተቀቀለበት ማሟሻው ይለቃል፤ ያን በሌላ ድስት ይሥሩት።

ለሁለት ሰው ባለ 20 ሴንቲሜትሩ ይበቃል፤ ለቤተሰብ ባለ 26ቱ ይሻላል። ባለ 30ውን ከሰል የሌለው ሰው አይግዛ፤ የተለመደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ክር መሃሉን ብቻ ስለሚያግለው ዳር የተቀመጠው ሥጋ ሳይቀላ ይቀራል።