ለጥምቀት ጉዞ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቱሉ ዲምቱና አካባቢው የምትኖሩ፣ በተለይ ለበዓል ቤተሰብ ይዛችሁ መውጣት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ። እኛ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ከገና በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው። ቴሌግራም ላይ ያገኘነው አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ የነገረን እንዲህ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ መነሳት፣ ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር የጾም ምሳ፣ ማታ ተመልሶ በመብራት ያሸበረቀውን መሀል ከተማ በእግር መጎብኘት። ለአንድ ሰው 1,500 ብር። እማዬ፣ እህቴ፣ ትንሿ ልጇና እኔ፤ 6,000 ብር መጣ። «ቦታ እያለቀ ነው፣ ሙሉውን ካልላካችሁ አልይዝላችሁም» አለን። በቴሌብር ላክን። የተቀባዩ ስም የድርጅት ሳይሆን የግለሰብ ነበር። አይቼዋለሁ። መቆም የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው።

ኮስተር አውቶቡስ ይመጣል የተባለው ቀርቶ 5 ሰዓት ላይ አንድ ያረጀ ሚኒባስ መጣ። ሰሌዳው ኮድ 2። ልብ በሉ፣ ኮድ 2 የግል መኪና ነው። ሰው ጭኖ ማስከፈል አይፈቀድለትም። ከመሳፈራችሁ በፊት ሰሌዳውን እዩ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ገላን ስንደርስ ሞተሩ ጋለ። ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተነሳ። ሾፌሩ በሃይላንድ ውሃ ይሞላል፣ ውሃው ከስር አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ራዲያተሩ ተበስቷል። እሱም ምስኪን ገና ሳንቲም አልተከፈለውም። አስጎብኚው ጋ ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ነው፣ እማዬ ጉልበቷን ያማታል። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ በርጩማዋን አውጥታ «እማማ፣ እዚህ ጥላው ጋ ይቀመጡ» አለቻት። ቡና ቀዳችላት። ሂሳብ ብንሰጣት እምቢ አለች። እግዜር ይስጣት፣ የዚያን ቀን ሰው ሆና ያገኘናት እሷን ነው።

8 ሰዓት ሲሆን ተስፋ ቆረጥን። የእህቴ ልጅ ግን «መብራቱስ?» ትላለች። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። ታክሲ ይዘን ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ለገሃር ሄድን። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን እስኪመሽ ጠበቅን። ከዚያ በቸርችል ጎዳና ቀስ እያልን ወደ ፒያሳ ወጣን። እማዬ ሲደክማት አግዳሚ ወንበር ላይ እናሳርፋታለን። ልጅቷ ግንዱ ላይ የተጠመጠመውን መብራት እየነካች ከዛፍ ወደ ዛፍ ትሮጣለች፣ መዳፏ አንዴ ቢጫ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ዓድዋ ሙዚየም ፊት ለፊት ስንደርስ እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ «ፎቶ አንሱኝ» አለች። ከታክሲና ከፈንዲሻ በቀር ምንም አላወጣንም። ሰውዬው በብር የሸጠልን እግረኛ መንገድ ነው። ማንም ሳይከፍል የሚሄድበት መንገድ ነው።

ብሩ እስካሁን አልተመለሰም። «ለመኪና ኪራይ ወጥቷል» የሚል አንድ መልእክት ልኮ ዘጋን። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት አገልግሎት ከተሰጠን ብራችን እንዲመለስ መጠየቅ እንችላለን። ግን ደረሰኝ ከሌላችሁ፣ የንግድ ፈቃዱን ካላያችሁ፣ ማንን ትከሳላችሁ? እኔ በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። እሱንም ይዤ እየሄድኩበት ነው። ስለዚህ ቀብድ ብቻ ስጡ፣ ቀሪውን መኪናው ቆሞ ስታዩት። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ተዉት።

ይህን ዛሬ የጻፍኩት በምክንያት ነው። ትናንት ማታ «ጥምቀትን ጃን ሜዳ፣ ደርሶ መልስ ከነምሳው» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ስሙ ሌላ ነው፣ ስልኩ ግን ያው የኛ ሰውዬ ነው። የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ደረሰኝና የመኪናውን ሰሌዳ ጠይቁት።