ከአሮጌው ጭቃ ቤት በሰላም ላወጡን ልጆች ምስጋና

እነዚህን ሦስት ልጆችና የአይሱዙውን ሹፌር ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። የእናታችንን ዕቃ ከአሮጌው ጭቃ ቤት አውጥተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስገቡት፤ አንድ ስኒ እንኳ አልተሰበረም። እጃቸው ይባረክ!

የዚያን ቤት ነገር ያየው ያውቀዋል። ቋሚውን ምስጥ ከሥር ስለበላው ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ሰጥሟል፤ መቃኑም አብሮ ተጣሞ በሩ ክረምት ክረምት በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ጣሪያው የሚያፈሰው በሚስማሩ ዙሪያ ነው፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ። ሬንጅ ቢቀቡት ከአንድ ክረምት አያልፍም። ተገላገልን።

ከእነሱ በፊት የተነጋገርናቸውን ስም አላነሳም፤ ዘዴያቸውን ግን እወቁት። በስልክ «ሁሉንም ያካትታል» ብለው ይዋዋላሉ፣ ግማሹ ዕቃ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ «ፎቅ መሆኑን መች ነገራችሁን» ይመጣል። ሌሎቹ ደግሞ ፍሪጁን አጋድመው ሊጭኑ ሲሉ ነው የመለስናቸው። ፍሪጅ ሲጋደም የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ እንደደረሰ ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ሊበላሽ ይችላል። ማጋደሉ ግድ ከሆነም አቁሞ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሰኩ መተው ነው።

የእኛዎቹ በዋዜማው ሜትር ይዘው መጡ። ዕቃውን አይተው፣ አዲሱ ቤት ሄደው የደረጃውን መታጠፊያ ለክተው፣ ከሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ጋር ቀድመው ተነጋግረው ነው ዋጋ የተናገሩት። ትልቁ ሶፋ በደረጃው እንደማያልፍ ያን ቀን ስላወቁት እግሩን ፈተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገመድ በበረንዳ አስገቡት። በማግስቱ አንድ ብር ጭማሪ አልጠየቁም።

እኔን የማረከኝ ግን የምጣዱ ነገር ነው። ዋናው ልጅ ኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲያይ «ማዘር፣ ይቺን ለማንም አይስጡ፣ እኔ ነኝ የምይዛት» አላቸው። አክንባሎውን ለብቻ ጠቀለለው። ምጣዱን ከእነእግሩ ለሁለት ከሥር አነሱት፤ በአንድ ጎን ከተነሳ ሸክላው ክብደቱን በጠርዙ ስለሚሸከም ይሰነጠቃል። ከዚያ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስቀምጠው ምንም አልደረቡበትም። ሲደርስ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው፦ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከደነቆረ ተሰንጥቋል ማለት ነው። አዲስ ሸክላ በጎመን ዘር እስኪሟሽ ያለውን ጣጣ ባለሙያ ታውቀዋለች! ደግሞም ተራ ሶኬት ላይ እንዳይሰኩት አስጠነቀቃቸው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይጠጋል፤ ሶኬቱ አቅሙ ጫፍ ላይ ስለሚሠራ ይግላል፣ ቆይቶ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው ባለ 4 ሚሊ ገመድና የራሱን ብሬከር አስደርጉለት አለ። ይህን ለመናገር ማንም አልከፈለውም።

ቁምሳጥኑ ችፑድ ነው፣ ሲፈታ ጠላቱ ብዙ ነው። የእያንዳንዱን በር ብሎን በየላስቲኩ አድርገው በፕላስተር በሩ ላይ ለጠፉት። ሲገጥሙ ቪቴው የላላበት ቀዳዳ ውስጥ ኮላ የተቀባ ስንጣሪ እንጨት ከትተው አጠበቁት፤ ያለዚያ ማጠፊያው በወሩ ይነቀላል። የጣውላ አልጋውን ግን ግቢ ውስጥ ፈትተው መጋጠሚያዎቹ ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሱ፣ ትኋኑ አብሮ እንዳይሄድ። አድርቀው ነው የጫኑት። ችፑድ ላይ ይህን እንዳትሞክሩ፣ ያብጣል። ልብስና አንሶላው በላስቲክ ታስሮ ሄዶ ሳይዘረጋ በሙቅ ውሃ ታጥቧል።

ዋጋቸው ከርካሾቹ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ይገባቸዋልም። ቤት የምትለቁ ሁሉ እባካችሁ እነሱን ጥሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ እነሱን ጥሩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያዙ ከሳምንት በፊት ደውሉ፤ ምጣድ እንዳለም ንገሯቸው፣ ያኔ ዋናው ልጅ ራሱ ይመጣል።