ካክተስ ለመጀመር፦ ዘር፣ ቁራጭ ወይስ ያደገ ተክል?

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ግቢ ኖሯችሁ ካክተስ ካማራችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን ዓይነት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ዘር ይሻላል ወይስ ቁራጭ የሚለው መልስ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በለስ ከሆነ በዘር አትድከሙ። የዘሩ ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይልቅ ካለው ሰው አንድ ቁራጭ ለምኑ፤ ከመገጣጠሚያው ተቆርጦ ጥላ ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ቁስሉ ሲደርቅ ይተከል።

ክቦቹ ሌላ ናቸው። ጎልደን ባረል የሚባለው የሜክሲኮ ካክተስ ቅርንጫፍ እምብዛም ስለማያወጣ በብዛት የሚራባው በዘር ነው። በትውልድ ቦታው የመጥፋት አደጋ ስላለበት ከዘር የተባዛውን መያዝ ደግ ሥራም ነው። ለጀማሪ ግን ማሚላሪያ የሚባለውን ትንሽ ካክተስ አስቀድማለሁ፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ገና ትንሽ ሳለም ያብባል። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አተር ካከለላችሁ ጥሩ ሄዷል።

ለዘሩ ግልጽ የኬክ ማሸጊያ ይበቃል። የግቢያችን ዋልካ ውሃ ስለሚቋጥር አይሆንም፤ ለመንገድ የሚደፋውን ሬድ አሽ በወንፊት ነፍታችሁ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት። የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ሲቀዘቅዝ ዘሩን ላዩ ላይ በትኑና ክደኑት። አትቅበሩት፣ ብርሃን ይፈልጋል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ አብዛኛው ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ የምታዩት ክብ አረንጓዴ ነገር ነው፤ አናቱ ላይ ሁለት ደቃቅ ጉጦች አሉት፣ ከመሃላቸው ፀጉር የሚያክል እሾህ ብቅ ይላል። ከቀላ ፀሐይ በዝቶበታል፣ ወደ ጥላ አሽሹት። የካቲት ላይ ብትዘሩ ይመረጣል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ አልፏል፣ ክረምት ሳይገባም ሥር ይይዛል። ክረምቱን ከጣሪያ ሥር ይለፍ።

ያደገውን መግዛት ለስጦታ ወይም ለቸኮለ ሰው ነው። ሥሩ አካባቢ በጣት ጫን በሉት፤ ከለሰለሰ በስብሷል። እሾሁ መሃል፣ እሾሁ ከሚወጣባቸው ነጥቦች ውጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ተባይ ሊሆን ይችላል። ቀይ ወይም ቢጫ አናት ያለው በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ነው፤ አናቱ አረንጓዴ ስለሌለው ብቻውን አይኖርም፣ ግንዱም የሞቃት አገር ተክል በመሆኑ የሱሉልታን ሌሊት ውጭ አይችልም።

አንዳንዱ ሻጭ የአገራችንን ቁልቋል ካክተስ ብሎ ይሸጣል። አይደለም። ካክተስ እሾሁ የሚወጣው ጥጥ ካለበት ትንሽ ነጥብ ላይ ነው፤ ቁልቋል ያ ነጥብ የለውም፣ ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተቱም ዓይን ይጎዳል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ሳታጣሩ እንዳትገዙ። ዘር በቴሌግራም የምታዙም የተሰበሰበበትን ዓመት ጠይቁ፤ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ካክተስ ፎቶ ከለጠፈ ሰው ግን ምንም አትግዙ።