ከደሴ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደርሶ መልስ፦ ገንዘቡና ሰዓቱ የት ላይ ቢውል ያዋጣል?

ደሴ ላይ «የሐይቅ ጉብኝት» ተብሎ የሚቀርበው አገልግሎት ገዳሙን፣ ጀልባውንና የዓሣ ምሳውን አንድ ላይ የያዘ ነው። ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ጊዜውን ለጀልባና ለምሳ ሰጥተው ገዳሙን በጥድፊያ ያሳልፉታል። ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። የሚያምር ውኃ ሌላም አገር ይገኛል፤ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለ የትምህርትና የመንግሥት ታሪክ ያለበት ቦታ ግን በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጉብኝቱን የምንመዝነው በገዳሙ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወልድያው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ለአንድና ለሁለት ሰው መኪና መከራየት አያስፈልግም፤ በሚኒባስ ሄዶ ከከተማው ባጃጅ መያዝ ይበቃል። ባጃጁን ስትይዙ ግን የመሄጃውን ብቻ አትነጋገሩ። ደርሶ መልሱንና የሚጠብቅበትን ሰዓት አንድ ላይ ጨርሱ፤ አለዚያ ሲመለሱ የመደራደር አቅም የለም። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ የኪራይ መኪና ይሻላል።

ከመነሳት በፊት መታወቅ ያለበት ዋና ነገር፦ ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ይህን ሳይናገር ከሴቶች ሙሉ ሂሳብ የሚቀበል አስጎብኚ ሥራውን በትክክል እየሠራ አይደለም። ሴቶች ያሉበት ቡድን ከሆነ፣ ወንዶቹ ገዳሙ ውስጥ በሚቆዩበት ሰዓት ሴቶቹ ጀልባ እንዲይዙና ቦታውን ከውኃው በኩል እንዲያዩ አስቀድሞ መታቀድ አለበት፤ ሂሳቡም በዚያው ልክ ይቀነስ።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። በጾም ወቅት ቅዳሴ የሚገባው ዘግይቶ ስለሆነ ከቀትር በኋላ የሚደርስ እንግዳ የሚያስተናግደው አባት ላያገኝ ይችላል። ጠዋት ሂዱ። ጥቅምት 17 እና ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። ለማክበር ከሆነ ከእነዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ቅርሱን ረጋ ብሎ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጡ።

ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ትውፊቱ የቤተ ክርስቲያኑን አመሠራረት ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሰዋል። ገዳሙ ግን ስሙ የገነነው ከደብረ ዳሞ የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተቀመጡበት ወዲህ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚለውን ማዕረግ ይዞ ከቤተ መንግሥት ባለሥልጣናት ዋነኞቹ መካከል የሚቆጠርበት ዘመንም ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ደሴቱ ድረስ ዘልቆ የገዳሙን ሀብት ወስዷል።

አስጎብኚያችሁን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ከጀርባው የነበሩት አባት ማን ናቸው? የሐይቅ ትውፊት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ይላል፤ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይላል። ሁለቱንም ነግሮ ልዩነቱን የሚያስረዳ አስጎብኚ ካገኛችሁ ክፍያው ይገባዋል። ሐይቁ እንዴት እንደ ተፈጠረ የሚነገረውን፣ የነፍሰ ጡሯን ሴት አፈ ታሪክ ብቻ ተናግሮ ወደ ጀልባው የሚጣደፍ ከሆነ ግን ያለ እሱም መሄድ ይቻላል።

ከገዳሙ ቅርሶች ሁሉ የሚበልጠው ከ1280/81 እ.ኤ.አ. የሆነው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። የእሳቸው ምስል አለበት፤ የገዳሙን ንብረት የሚመለከቱ ማስታወሻዎችም ተጽፈውበታል። እሱን ማየት የአባቶች ፈቃድ ነው፤ መጠየቅ እንጂ መጎትጎት አይገባም። የትኛውም የብራና መጽሐፍ ሲከፈትላችሁ ግን ሥዕሉን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። በገጹ ዳር ለመስመር መነሻ በወስፌ የተወጉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ያለ ቀለም በመጫን ብቻ የተሰመረውን መስመር፣ በቀይ ቀለም የተጻፉትን ቅዱሳት ስሞች ፈልጉ። የብራናውም ሁለት ገጽ አንድ አይደለም፤ ጠጉሩ የነበረበት ወገን ጠቆር፣ የሥጋው ወገን ነጣ ይላል። ቅጠሉን አባ ይግለጡት፤ የእጅ ወዝ ብራናን ይጎዳል። ፎቶ ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ ይሁን። ለዚህ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል።

ጀልባው ጥሩ ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ጀልባው ላይ መኖሩ አይበቃም፤ ልበሱትና መቆለፊያው መያዙን እዩ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ሳትጨርሱ አትሳፈሩ። ነፋስ ከተነሳ ይቅርባችሁ።

ለምሳ ቆሮሶ እዘዙ። ይህ ዓሣ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ አሁን የአካባቢው ዋና ምግብ ሆኗል። ሳይጠበስ አምጡና አሳዩን በሉ፦ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሲጫኑት ሥጋው የሚመለስ መሆን አለበት። ስንጥቡ ወደ ቡናማ ከሄደ አደር ነውና ይመለስ። ሙሉውን ሲጠበስ ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ መተልተል አለበት፤ አለዚያ ቆዳው አርሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱ በደንብ ሳይግል ከገባም ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል። በአዋዜና በሎሚ ሲበላ ግሩም ነው። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ሳይባል ሁሉም በአንድ ትሪ የሚቀርብበት ምግብ መሆኑ ደግሞ ለወሎ ሰው ገበታ ተስማሚ ያደርገዋል። በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው አብሯችሁ ካለ፣ የጾም ምግቡ ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሠራ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አንዳንዶች በዚያው ቀን አርዲቦን ይጨምራሉ። ከሐይቅ ከፍ ብሎ የሚገኝና ውኃው ወደ ሐይቅ የሚወርድ ደስ የሚል ሐይቅ ነው፤ ግን ከገዳሙ ሁለት ሰዓት ላይ የሚቀነስለት ከሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ።