በካንሰር ምክንያት ጡት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ፦ ጨረር ይሰጥ ወይስ ይቅር?

«ጡቱ ወጥቷል፣ ታዲያ ጨረሩ ለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የካንሰር ሴል ደረት ላይ ወይም ብብት አካባቢ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ የፓቶሎጂ ወረቀቱን (የወጣው ሥጋ ላብራቶሪ ተመርምሮ የተጻፈውን ውጤት) አውጪና እዪ። «3/14» ካለ፣ 14 የብብት ንፍፊት ወጥቶ 3ቱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል ማለት ነው። ካንሰር የተገኘበት ንፍፊት 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙም ክርክር የለም፣ ጨረር ይመከራል፤ ዕጢው ከ5 ሴንቲሜትር ከበለጠም ብዙ ጊዜ ይታሰባል። ንፍፊቱ ንጹሕ፣ ዕጢውም ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል።

ጭንቁ ያለው መሃል ላይ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ንፍፊት ሲያዝ። የድሮ ጥናቶች ጨረርን ይደግፋሉ፣ ያኔ ግን መድኃኒቱ እንዳሁኑ አልነበረም። ሱፕሪሞ የተባለው ጥናት መካከለኛ ስጋት ያለባቸውን ሴቶች 10 ዓመት ተከታትሎ በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አላገኘም። ካንሰሩ ደረት ላይ የተመለሰባቸው ጨረር ካልወሰዱት 2.5 በመቶ፣ ከወሰዱት 1.1 በመቶ ናቸው።

ለዚህች ልዩነት ሲባል ከ3 እስከ 5 ሳምንት በየቀኑ መመላለስ (ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ መጥታ ቤት ተከራይታ ለምትታከም ሴት ቀልድ አይደለም)፣ የቆዳ መቃጠል፣ የክንድ እብጠት አለ። እኔ ግን ዕድሜዋ ትንሽ ሆኖ 3 ንፍፊት የተያዘባትን እህቴን «ተዪው» ለማለት አልደፍርም። 1 ብቻ ተገኝቶባት ዕድሜዋም ገፋ ካለ፣ ሐኪሙን «ቢቀርብኝስ?» ብላ ትጠይቀው።